ቴክሳስ ሞተ

ሙኒር የደወለልኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ልገባ ጫማዬን ሳስር ነው። ሁልጊዜ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ፣ እኔ በመልሱ ስንተባተብ ሳይስቅብኝ ወሬ አይጀምርም። ያን ቀን ሰላምታውን ዘለለው።

«ቴክሳስ ሞተብን» አለኝ።

«ማን?» አልኩት፤ ሰምቼዋለሁ።

«ስንታየሁ ነዋ። ትናንት ከቡኢ ሲወጣ ሞተሩ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም፤ ኢናሊላሂ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፣ እዚያው ቡኢ።» ቀጠለና «የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊው። ወንድሙ ለምኖኛል። ደብተር እያለች ማን ይጽፋል?» አለኝ።

ደብተር እኔ ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ ሟቹ ነው።

«እሺ» አልኩት። እምቢ ያልኩባቸውን ቀኖች በአንድ እጄ ጣቶች ልቆጥራቸው እችላለሁ።

ሰው የሞተ ሰው ሊያማ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ያንን አልልም። ስንታየሁን በሕይወት ሳለ ልወቅሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። አሁን አፌ ሲከፈት እሱ ሙት ሆኖ ተገኘ። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ወልቂጤ ውስጥ ቴክሳስን የማያውቅ ባለ ባጃጅ የለም። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል፣ ዘፈን ይጭናል። አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር። ራሱ ላይ ከቡታጅራ ገበያ የገዛት የሰሌን ባርኔጣ አትጠፋም። ግራና ቀኟን በካውያ ተኩሶ ወደ ላይ በማጠፍ የካውቦይ አድርጓታል። ዝናብ ሲመታት ጆሮዎቿ ይወድቃሉ፤ በማግስቱ እንደገና ይተኩሳታል። ሞተሩን «ፈረሴ» ይለዋል። ከቡኢና ከወልቂጤ ሌላ የኖረበት አገር የለም።

ሰው ላይ ሊያሾፍ ሲል የባርኔጣውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይነካል። ያቺን ምልክት የምናውቅ ሰዎች ጣቶቹ ሲነሱ ስናይ ተራው የማን እንደሆነ ለማወቅ እንተያይ ነበር። አንድ ጊዜ የሚያነክሱ ሽማግሌ በሱቁ በር ሲያልፉ ባርኔጣውን ነካ አደረገና «ጋሼ፣ የተጎረበጠው መንገዱ ነው ወይስ እርስዎ?» አላቸው። ሽማግሌውም ሳቁ። እሱ ፊት የማይስቅ ሰው በማግስቱ የባሰ ቀልድ ይወጣበታል፤ ከተማው ይህን ያውቃል። ሁላችንም የምንስቀው ግማሹን ከፍርሃት ነበር።

«ለምን እንዲህ ትላቸዋለህ?» ያለው ሰው ካለ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የሚያስቅ ነገር ባለቤት የለውም።»

ካንትሪ የሚባለውን የፈረንጅ ዘፈን የለመደው ከጅማ መንገድ ሾፌሮች ነው። እነሱ እሑድ እሑድ ጠዋት ሌላ አይከፍቱም። እንግሊዝኛው አይገባውም፤ ነገሩ ግን ገብቶታል። «ሴትየዋ ሄዳለች፣ መኪናው አልነሳ ብሏል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ይኼ እኮ የእኛው ጉንችሬ ነው!» ይል ነበር። ፈረሱን በባጃጅ፣ ውስኪውን በአረቄ፣ የበቆሎ ማሳውን በእንሰት ጓሮ ለውጦ በአማርኛ ማላገጥ የእሱ ሐሳብ ነው። ይህን አልነጥቀውም። ድምፁንም አልነጥቀውም፤ ሻካራ፣ የሚያሳዝን ድምፅ ነበረው። የሚያስቀውን ግጥም እውነት እያለቀሰ ያለ ሰው መስሎ ሲዘፍነው ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነበር።

የተዋወቅነው በተሰበረ ስልክ ነው። ተመርቄ ሥራ በምፈልግበት ዓመት የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀና ወሰድኩለት። የይለፍ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። በማግስቱ ልወስድ ስሄድ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። እኔን እንዳየ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ በዜማ ጀመረ፦

«ባጃጄ ቆመች ጉንችሬ ዳገት ላይ፣
አንቺም ጥለሽኝ ሄድሽ፣ ማናችሁን ልይ?
እሷስ ባትሪ አጥታ ነው፣ ይቅር እላታለሁ፣
ያንቺን ግን ጥፋት የት ጋራዥ እወስዳለሁ?»

የእኔ ነበር። ማስታወሻ ላይ ለራሴ እንደ ቀልድ የጻፍኩት፣ ለማንም ያላሳየሁት። ፊቴ ጋለ። እሱ ዘፍኖ ሲጨርስ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ከሳቁ የተነሳ እንባው ይወርዳል።

«አንቺ ልጅ! ሰው ይህን ጽፎ ዝም ይላል?»

የሰው ስልክ ከፍቶ ማንበብ ነውር ነው። ያን ጊዜም ነውርነቱ ገብቶኛል። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ባልኩት ነገር የሳቀ ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ ተነስተሽ መልሺ ስባል ድምፄ የሚጠፋ፣ ጸሎት ቤት ጥቅስ አንብቢ ስባል መጽሐፉን አጠገቤ ላለችው የማቀብል ልጅ ነኝ። የዚያን ሰው ሳቅ እንደገና ለመስማት ብዬ ብዙ ነገር አደረግኩ። አንዱን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ እሱንም፣ ራሴንም።

አባቴ ጋሽ ዘርጋ ወልቂጤ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ወንጌላውያን ነን፤ ቤታችን ዓለማዊ ዘፈን አይከፈትም። ስለዚህ ግጥም ልጽፍለት ስስማማ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ስሜ እንዳይጠራ።

«ማን ሊጠራው!» አለኝ። በጣም ቶሎ ተስማማ። በየቪዲዮው ሥር «ግጥምና ዜማ፦ ቴክሳስ» ተብሎ ወጣ። እኔም ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርኩ።

መቅረጫ ክፍል አልነበረንም። ሱቁ ጫጫታ ነው፤ የተከራያት ክፍል ደግሞ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። አንድ ቀን ቴክሳስ አባቴ ዘንድ ሄዶ ትልቅ ቁም ሳጥን አዘዘ። አባቴ ማታ ራት ላይ እየሳቀ ነገረን፦

«ያ ስልክ ጠጋኙ መጣ። እንዲህ የሚያህል ቁም ሳጥን አለኝ። ‹ለስንት ሰው ልብስ ነው?› ብለው ‹ለሦስት ሰው ጋሼ› አይለኝም? ‹አገባህ እንዴ?› አልኩት። ‹ገና ነኝ፤ ሳጥኑ ይቅደም ብዬ ነው› አለኝ።»

ወንድሜ ሳቀ። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩ። ሦስቱ ሰዎች ቴክሳስ፣ ሙኒርና እኔ ነበርን፤ የሚገባው ደግሞ ልብስ ሳይሆን እኛው ነን።

አባቴ ያንን ሳጥን አሳምሮ ሠራው። በሩ እንዳይጮህ ማጠፊያውን ዘይት ቀባው። ቀዩን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ደረበበት። ቴክሳስ ውስጡን በብርድ ልብስ ለበጠው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ውስጥ እንቀርጽ ነበር። ሙኒር ቡታጅራ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ጊታሩን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚኒባስ ይመጣል። እሱ መሀል ላይ ይቀመጣል። ቴክሳስ ይቆማል። እኔ ጥጉ ላይ ተጣብቄ በአንድ እጄ መቅረጫውን ስልክ፣ በሌላው ደብተሬን እይዛለሁ። ይሞቃል፤ ቫርኒሹ ይሸታል። ውጭ ባጃጅ ጡሩንባ ከነፋ እንደገና «ሀ» ብለን እንጀምራለን።

«ደብተር፣ አትተንፍሺ» ይለኛል።

«አልተነፈስኩም።»

«ተንፍሰሻል። እኔ ሚስቴ ጥላኝ ሄዳ እያለቀስኩ አንቺ እንደ በሬ ትተነፍሻለሽ።»

ሙኒር ይስቃል፤ ጊታሩ ይሳሳታል፤ እንደገና። እውነቱን ለመናገር ከሕይወቴ የተሻሉት ቅዳሜዎች እነዚያ ናቸው። ይህን ስጽፍ በራሴ እየተናደድኩ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መቅረጽ አልቻልንም። ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጠን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ቴክሳስ የቡኢ አክስቱ በአማርኛ ሲሳሳቱ እያስመሰለ እኔንና ሙኒርን ያስቃል። እኔም ላስቀው ፈለግኩ። ያ ሳቅ ወደ እኔ እንዲዞር ፈለግኩ። እናቴ የሞተች ጊዜ የሆነውን ነገርኩት።

እናቴ የሞተችው ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ነው። እኔ ዕድል ሆኖ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ስለነበር ከቤት ነበር የምማረው። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ድንኳን ገቡ። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እንግዶች ነበሩ። አባቴ ተነሳ። የአፍ መፍቻው ጉራግኛ ነው፤ አማርኛ የተማረው በልጅነቱ ለሥራ ሲወጣ ነው። እንግዶቹን አየና «ሚስቴ ሞተችልኝ» አላቸው።

«ሞተችብኝ» ይባላል። አንድ ፊደል ናት። «ብ» ብትሆን ጉዳት ነው፤ «ል» ስትሆን ደስ ብሎኛል፣ ተጠቅሜያለሁ ማለት ይመስላል። ከእንግዶቹ መሀል ኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ለእናቴ ማልቀስ ትቼ በአባቴ አማርኛ አፈርኩ።

ይህንን ነገርኩት። ቴክሳስ ወዲያው አልሳቀም። ጣቶቹ ወደ ባርኔጣው ሄዱ።

«ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት። እንዲስቅ ብዬ በአባቴ ድምፅ ደገምኩት፤ በአባቴ አነጋገር፣ በአባቴ አተነፋፈስ። ያን ጊዜ ሳቀ። ሙኒር ግን ጊታሩን አስቀመጠ።

«ተዉ እንጂ፤ ይኼ እኮ ለቅሶ ነው» አለ።

ቴክሳስ «ሙኒሬ፣ የሚያስቅ ነገር ባለቤት የለውም» አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለቀረጻ አልጠራንም። ሰኞ ሥራ ልገባ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፍቷል፤ አብሮ ያንጎራጉራል፦

«ሚስቴ ሞተችልኝ፣ ኧረ ደስ ይበላችሁ፣
አልጋውም ሰፋልኝ፣ ኑ እዩት መጥታችሁ፤
ብርድ ልብሱም በቃኝ፣ ሳጥኑም ሰፋልኝ፣
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚስቴ ሞተችልኝ።»

ብቻውን ነው የቀረጸው፤ ያለ ጊታር፣ በስልክ በተሠራ ምት። ግጥሙም የራሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ስንኝ ጽፎ አያውቅም ነበር። የዘፈነውም በሚያሳዝነው ድምፁ አልነበረም። በአባቴ አነጋገር ነው የዘፈነው፤ እኔ ሳጥን ውስጥ ባስጠናሁት።

መድረሻዬ ሳልደርስ ወረድኩ። ሾፌሩ «እህት፣ ምነው? ዘፈኑ አልጣመሽም?» አለኝ። «ጥሞኛል» አልኩት። እውነት፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

ከዘፈኖቻችን ሁሉ እንደዚያ የተሰማ የለም። ቡታጅራ ገበያ ሳይቀር ተሰማ። የአባቴን ስም አይጠራም፤ ግን ያ ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አወቀ፤ ላልነበረው ነገረ። አንድ ከሰዓት የአባቴ ሥራ ቤት ምሳ ዕቃ ላደርስ ሄጄ ደንበኛ አልጋ ሲያዝ ደረስኩ።

«ጋሽ ዘርጋ፣ ሰፋ አድርገው ይሥሩልኝ» አለ ሰውየው። «ሚስቴ ለጊዜው አለችልኝ ግን።»

አብረውት የመጡት በሳቅ ፈነዱ። አባቴ ሜትሩን ጣውላው ላይ ዘረጋ፤ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ሜትሩን ጠቀለለ። «በሁለት ሳምንት ይደርሳል» አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ አማርኛ መናገር ቀነሰ። ዋጋ ሲጠየቅ በጣቱ ያሳይ ጀመር። ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፤ እሑድ እሑድ ተነስቶ የሚጸልየውን ለሌላ ሰው ተወለት።

በሳምንቱ ድፍረቴን አጠራቅሜ ቴክሳስ ሱቅ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምለውን አስር ጊዜ አጥንቼዋለሁ። ስደርስ ግን የወጣኝ «አጥፋው» የሚለው ብቻ ነው።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን። አባቴ ነው።»

አንገቱን ከፈታታው ስልክ ላይ ሳያነሳ «የአባትሽን ስም ጠርቻለሁ?» አለኝ።

«ሁሉም ያውቃል።»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?» አሁን ቀና አለ። ባርኔጣውን ነካ አደረገ። «ደብተር፣ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ? የነገረኝ ሰው ማነው? አስመስሎ ያሳየኝስ?»

ወደ በሩ ዞርኩ።

«ጸሎት ቤት ሄጄ የዘፈኖቹ ባለቤት ማን እንደሆነች ልንገራቸው እንዴ? ‹የጋሽ ዘርጋ ልጅ ሳሮን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ወንድ ጋር ሳጥን ውስጥ ትገባለች› ልበላቸው?» ብሎ ሳቀ። ያ እንባ የሚያወርደው ሳቅ ነበር። «ቀልድ ነው ባክሽ። ፊትሽን አትከስክሺ። ቅዳሜ ነይ፣ ሙኒር ይመጣል።»

ቀልድ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ከሱቁ ወጣሁ፤ ቅዳሜ አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላም። ያለ እኔ አንድም አዲስ ዘፈን አላወጣም፤ ያንኑ «ሞተችልኝ»ን በየሰርጉ እየተጠራ ይዘፍን ነበር። መንገድ ላይ ሲያየኝ ከሞተሩ ሳይወርድ «ደብተር! ተዘግተሽ ቀረሽ እኮ!» ይላል። ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ማጥፋቱን የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ከሁሉ የማልረሳለት ይህንን ነው። ክፉ ሰው ጥፋቱን ያውቃል። እሱ ግን ሰውን አሳዝኖ፣ ለምን እንዳልሳቀ እውነት ግራ ይገባው ነበር።

ይኸው ማክሰኞ እለት ይህን ሰው የሚያወድስ ወረቀት እንድጽፍ ተጠየቅኩ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የአባቴ ሥራ ቤት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። አባቴ መላጊያውን አስቀምጦ ሽርፍራፊውን ከልብሱ ላይ ያራግፋል።

«ነገ ቡኢ እሄዳለሁ። ከዕድሩ ሰዎች ጋር መኪና ይዘናል» አለኝ በጉራግኛ። እኔና እሱ ብቻችንን ስንሆን ሁልጊዜ በጉራግኛ ነው የምናወራው።

«አባዬ፣ ያንን ዘፈን ያወጣው እሱ እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«የሌሎቹን ግጥም…»

«የሌሎቹን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። እሱንም አውቃለሁ።» የሹራቤን እጅጌ በጣቱ ነካ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የእኔን ቀይ ቫርኒሽ እጅጌሽ ላይ አድርገሽ ትመጪ ነበር። ያንን ቀለም ከእኔ በቀር በዚህ ከተማ የሚቀላቅል የለም። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደምትሠሩ ሳይገባኝ ጥቂት ሳምንት ከረምኩ። የመጀመሪያው ዘፈን በየባጃጁ ሲከፈት ቃሉ የአንቺ እንደሆነ ገባኝ።»

መቀመጫ ፈለግኩ። ያልተጨረሰ ወንበር ነበረ፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ።»

«ስለ አማርኛህ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ያን ቀን የተሳሳትካትን…»

«ምን ተሳሳትኩ?»

ነገርኩት። «ብ»ን እና «ል»ን፤ ልክ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው። እስክጨርስ ታገሰኝ። ከዚያ በአማርኛ መለሰልኝ። ለእኔ በአማርኛ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። አነጋገሩን እዚህ አስመስዬ አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ አስመስዬዋለሁ፤ ይበቃል። ቃሉን ብቻ ልጻፍ።

«እናትሽ ሁለት ዓመት ስትጮህ ከጎኗ የተኛሁ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጌታን ‹አድንልኝ› ብዬ ለመንኩ። በኋላ እሷ ራሷ እጄን ይዛ ‹በቃኝ በልልኝ፤ አንተን ይሰማሃል› አለችኝ። ሦስት ወር አልቻልኩም። ከዚያ ‹ውሰድልኝ› ብዬ ለመንኩ፤ ወሰደልኝ። ሰዎቹ ሲመጡ ‹ሞተችልኝ› አልኩ። ሌላ ምን ልል ነበር?»

እጁ ጣውላው ላይ ነበር። አላነሳውም።

«ለዘመዶቻችን በጉራግኛም እንደዚሁ ብያለሁ። በእኛም ቋንቋ ‹ብኝ› እና ‹ልኝ› ለየቅል ነው፤ ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ያለቀሱት እንዲያውም ያን ጊዜ ነው።»

ከእግሬ ሥር የወደቀ ሽርፍራፊ አነሳሁ።

«እነዚያ በአማርኛዬ ሳቁ፤ እንግዶች ናቸው፤ ይሳቁ። አንቺ ግን ቤት ነበርሽ» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። መላጊያውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። አሥር መስመር ነው የጻፍኩት፤ ሳልሰርዝ።

በማግስቱ ቡኢ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንደርስ ሙኒር ወረቀቱን ተቀብሎ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ አነበበው። እንዲያነብ የታዘዘው እሱ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«ሳሮን፣ ይህን አላነብም።»

«ውሸት አለው?»

«የለውም። ግን ቀብር ነው።»

«እሱም ያሾፈው በለቅሶ ነው።»

ወረቀቱን መለሰልኝ። «እንግዲያው በራስሽ አፍ ይሁን» አለኝ። እንደማልችል ያውቃል። ሊያስቆመኝ አስቦ ይሁን አዝኖልኝ አልገባኝም።

ብዙ ሰው መጥቷል። የባጃጅ ሾፌሮች ከነባጃጃቸው፤ ከጸሎት ቤታችንም ስልክ የጠገነላቸው ሁሉ። ባርኔጣዋን የሬሳ ሣጥኑ ላይ አስቀምጠዋታል፤ አንድ ሰው ጆሮዎቿን ተኩሷቸዋል፤ እሱ እንደሚያደርገው ግን አላሳመሩትም። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ካህኑ ሲጨርሱ «የሕይወት ታሪክ» ተባለ። ሙኒር አልተንቀሳቀሰም። እኔ ወጣሁ።

ድምፄ መጀመሪያ ላይ የለም። አንዲት ሴትዮ «አልተሰማም!» አሉ። እንደገና ጀመርኩ።

«ስንታየሁ ቡኢ ተወለደ። ወልቂጤ ስልክ ይጠግን ነበር። ድምፁ ጥሩ ነበር። ሰው ያስቅ ነበር። አሥራ አንድ ዘፈኖች አውጥቷል። የአሥሩን ግጥም የጻፍኩት እኔ፣ ሳሮን ዘርጋ ነኝ። ‹ሞተችልኝ› የሚለውን የጻፈው እሱ ነው። የአባቴን ቃል ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባቴ ቃሉን አልተሳሳተም።»

ከጸሎት ቤታችን ሴቶች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የስንታየሁ ወንድም ትኩር ብሎ አየኝ፤ ዓይኑን አልሸሸሁም። የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ።

«ሰኞ እለት ከቡኢ ሲወጣ ሞተ።»

ሰዉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቀ። የምትቀረውን ፊደል ነበር የሚጠብቁት፤ «ሞተብን» እንድል። አንዳንዶቹ ሊያለቅሱ ደረታቸውን ይዘዋል። ፈለግኳት፤ ከውስጤ ግን «ብ» አልወጣ አለችኝ። ሌላኛዋ ፊደል ምላሴ ላይ ነበረች። ልላትም እችል ነበር፤ ከቤቴ ስወጣ ልላት አስቤ ነበር። ከዚያ አባቴን አየሁት።

«ል» ባለቤት አላት። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ረድፌ ተመለስኩ።